«ቢተር»፦ የአንድ ጣዕም ስምና የመድኃኒት ታሪክ

መራራን ጣዕም እንግሊዞች «ቢተር» ይሉታል። ቃሉን በሥራችን ላይ በየጊዜው እናገኘዋለን፤ በመድኃኒት መግለጫ ወረቀት ላይ፣ በፋርማኮሎጂ መጻሕፍት ውስጥ፣ ሕመምተኛው «አፌን መረረኝ» ሲለን በምንመዘግበው የሕመም ታሪክ ላይ ሳይቀር። የቃሉ አመጣጥ የሰዋስው ሊቃውንት ጉዳይ መስሎ ቢታይም ለሐኪምና ለፋርማሲ ባለሙያ የሚጠቅም ቁም ነገር አለው። ምክንያቱም አንድ ነገር መራራ መሆኑ ለብዙ መቶ ዓመታት መድኃኒት ለመሆኑ እንደ ማስረጃ ይቆጠር ነበር፤ በዚህ ማስረጃ ተመርተው የተፈወሱም፣ ለሞት የተዳረጉም ነበሩ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛም «ቢተር» ነበር። ጀርመኖች፣ ደቾችና ስዊድኖችም እስከ ዛሬ ድረስ በዚሁ መልክ ይጠሩታል። የቋንቋ ታሪክ አጥኚዎች እንደሚያስረዱት የተገኘው መንከስ የሚል ትርጉም ካለው «ባይት» ከተባለው ግሥ ሥር ነው። እንግዲህ ሲነሣ የጣዕም ስም አልነበረም፤ «የሚነክስ»፣ «የሚቆርጥ» ማለት ነበር። ቤዎውልፍ በተሰኘው ጥንታዊ የእንግሊዞች የጀግንነት ግጥም ውስጥ ቃሉ ጀግናው ዘንዶውን የወጋበትን ስለታም ጩቤ ለመግለጽ ተነግሯል። ቁራሽ ማለት የሆነው «ቢት» እና ጥንዚዛ ማለት የሆነው «ቢትል» የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ ጥንዚዛዋ የተሰየመችው «ትንሿ ነካሽ» ተብላ ነው።

ከዚህም ወደ ኋላ ሲኬድ የሥሩ ትርጉም መሰንጠቅ ሆኖ ይገኛል። ይኸው ሥር በላቲን ቋንቋ «ፊንዴሬ» የሚለውን መሰንጠቅ የሚል ግሥ አስገኝቷል። የሕክምና ባለሙያ እዚህ ላይ ሲደርስ የሚያውቃቸውን ሰዎች እንዳገኘ እንግዳ ይሆናል። በፊንጢጣ ላይ የሚወጣውን ስንጥቅ «ፊሸር» የምንለው ከዚሁ ግሥ ወስደን ነው። የአከርካሪ አጥንቱ ሳይዘጋ የሚወለደውን ሕፃን ሕመም «ስፓይና ቢፊዳ» ስንል «ለሁለት የተሰነጠቀ አከርካሪ» ማለታችን ነው። በጡት በሚያድጉ ሕፃናት አንጀት ውስጥ በብዛት የሚገኘው ቢፊዶባክቴሪየም የተሰየመው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጫፉ እንደ መንታ ቅርንጫፍ በመሆኑ ነው። የኪኒን ምሬትና የተሰነጠቀ አከርካሪ የአንድ አያት ልጆች ናቸው ቢባል ማን ያምን ነበር?

ሕመምን የሚገልጽ ቃል ወደ ጣዕም ስምነት የተሸጋገረው በእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። በግሪክኛ መራራ ማለት የሆነው «ፒክሮስ» ቀድሞ ሹል፣ የሚወጋ ማለት ነበር። ፈረንሳዊው ኬሚስት ዣን ባፕቲስት ዱማ በ1841 አንድ ቢጫና እጅግ መራራ አሲድ «ፒክሪክ» ብሎ የሰየመው ከዚህ ቃል ተነሥቶ ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያዎቻችን ይህን አሲድ ያውቁታል፤ ማክስ ያፌ በ1886 ከክሬያቲኒን ጋር ሲገናኝ የሚሰጠውን ቀለም ከገለጸ ወዲህ የኩላሊትን ሥራ ለመለካት ያገለገለ ነውና። ሁለት ሕዝቦች በየፊናቸው ከስለት ወደ ምሬት መድረሳቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም። መራራ ነገር ከሌሎቹ ጣዕሞች በተለየ ምላስን የሚጎዳ ያህል ይሰማል።

የእኛ ቃል በሌላ መንገድ የመጣ ነው። መረረ፣ የግዕዙ መሪር፣ የዕብራይስጡ ማር እና የዐረብኛው ሙር ሁሉም አንድ ናቸው። እኛ ከርቤ የምንለውን መራራ ሙጫ እንግሊዞች «ሜር» የሚሉት ቃሉን በግሪክና በላቲን በኩል ከዚሁ ሴማዊ ሥር ስላገኙት ነው። ስለዚህ አንድ የእንግሊዝ ባለ መድኃኒት ስለ ከርቤ ሲጽፍ ሳያውቀው በእኛ ቋንቋ «መራራ» ይል ነበር ማለት ይቻላል።

የ«ቢተር» ትርጉም እየሰፋ ሄዶ አጥንት የሚሰብር ብርድ፣ ከባድ ኀዘን፣ የማይበርድ ቂም ሁሉ በዚህ ቃል ተጠርተዋል፤ እኛም አምርሮ አለቀሰ፣ ምሬቱን ገለጸ እንላለን። እስከ መጨረሻው መታገልን ለመግለጽ እንግሊዞች የሚጠቀሙበት «የቢተር ጫፍ» የሚለው አነጋገር ግን ከምሬት ጋር ዝምድናው አጠራጣሪ ነው። ካፒቴን ጆን ስሚዝ በ1627 ባሳተመው የመርከበኞች መዝገበ ቃላት ላይ «ቢተር» ማለት የመልሕቁ ገመድ በመርከቧ ወለል ላይ በቆሙት ምሰሶዎች ዙሪያ የሚጠመጠመው ክፍል መሆኑን አስፍሯል። ገመዱ እዚያ ከደረሰ ሌላ የሚለቀቅ የለም። ከአካል ክፍሎች ውስጥ ደግሞ ከምሬት ጋር የተቆራኘው ሐሞት ነው። እንግሊዞች ሐሞትን «ጎል» ይሉታል፤ ቃሉ መራራነትን፣ ድፍረትንና ዐይን አውጣነትንም ይገልጽላቸዋል። እኛም ሐሞተ ቢስ የምንለው ፈሪውን ነው። ጉበቱ ሥር ያለችው ትንሽ ከረጢት በሁለት ሩቅ አገሮች የወኔ መኖሪያ ሆና መቆጠሯ የሚገርም ነው።

ወደ መድኃኒቱ እንለፍ። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ጋሌን የመድኃኒቶችን ባሕርይ በጣዕማቸው ለመረዳት ሞክሯል፤ በእርሱ ትምህርት መራራ ነገር ሞቃትና ደረቅ ነው። ይህ አስተሳሰብ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ጸንቶ ሳለ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከደቡብ አሜሪካ የሲንኮና ቅርፊት ወደ አውሮፓ ገባና አጠናከረው። ንዳድን የሚያቆም ነገር ተገኘ፤ ይህም ነገር እጅግ መራራ ነበር። ሮበርት ታልቦር የተባለ እንግሊዛዊ ቅርፊቱን በወይን ጠጅ ውስጥ ከሌሎች ነገሮች ጋር ደባልቆ፣ ምን እንደሆነ ለማንም ሳይናገር ንጉሥ ቻርልስ 2ኛን አዳነበት። በመጽሐፉ ላይ ሰዎች ከዚሁ ቅርፊት ዱቄት እንዲጠነቀቁ ይመክር የነበረ መሆኑን ስናይ ብልጠቱ ያስደንቃል። ምስጢሩን የገዛው የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ታልቦር በ1681 ከሞተ በኋላ ይፋ እንዲሆን አደረገ። ፔልቲየና ካቫንቱ የተባሉት የፓሪስ ፋርማሲስቶች በ1820 ከቅርፊቱ ውስጥ ኪኒንን ለይተው እስኪያወጡ ድረስ፣ ሻጩም ገዢውም ሐኪሙም ቅርፊቱ እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጡበት ቅርብ መንገድ ምላሳቸው ነበር። ሌላ መራራ ቅርፊት በስሙ የሚሸጡ ነጋዴዎች እንዳልጠፉ መገመት አያዳግትም።

ምላስን ተከትሎ የተገኘ ትልቅ ግኝት አለ። ኤድዋርድ ስቶን የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ በ1757 ገደማ በመኖሪያው በቺፒንግ ኖርተን አካባቢ የአኻያ ዛፍ ቅርፊት ቀመሰ። ምሬቱ አስደነገጠው፤ ወዲያውም ይህ ነገር የሲንኮናን ኃይል ሳይኖረው አይቀርም ብሎ ጠረጠረ። በሐሳቡ ላይ ሌላ ምክንያትም ጨመረበት፦ አኻያ ረግረግ ይወዳል፣ ንዳድም የረግረግ በሽታ ነው፣ ፈጣሪም መድኃኒቱን ከበሽታው አጠገብ ማኖሩ የተለመደ ነው የሚል ነበር። ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ቅርፊት ሰብስቦ ከአንድ ዳቦ ጋጋሪ ምድጃ ውጭ ከሦስት ወር በላይ አደረቀው፤ ፈጭቶም በጥቂቱ እየጀመረ መጠኑን እያሳደገ ለሕመምተኞች ሰጠ። ሃምሳ ያህል ሰዎችን ካከመ በኋላ ውጤቱን በ1763 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በደብዳቤ አሳወቀ። ደብዳቤው ሲታተም የመጀመሪያ ስሙ ኤድመንድ ተብሎ በስሕተት ወጣ።

የስቶን ሐሳብ ከሥሩ ስሑት ነበር። አኻያ የወባን ጥገኛ አይገድልም። እርሱ ራሱ በሐቀኝነት እንዳሰፈረው በበልግ ወራት በሚመጣውና በየአራተኛው ቀን በሚመለሰው ትኩሳት ላይ መድኃኒቱ አልሠራ ሲለው አንድ አምስተኛ ያህል ሲንኮና ጨመረበት፤ ያን ጊዜ ሠራለት። ዛሬ ስናነበው እነዚያ ሕመምተኞች ወባ የነበረባቸው፣ ሌሎቹ ደግሞ ትኩሳታቸው ብቻ የበረደላቸው መሆኑን መጠርጠር እንችላለን። ይሁንና ከተሳሳተው ሐሳብ ትክክለኛ መድኃኒት ወጣ። በ1828 ዮሐን ቡኽነር በሙኒክ ከአኻያ ቅርፊት ውስጥ መራራውን ንጥረ ነገር ለይቶ ሳሊሲን አለው። በ1876 ቶማስ ማክላገን በስኮትላንድ ሳሊሲንን ለሩማቲክ ትኩሳት ሰጥቶ ውጤቱን አሳተመ፤ የሚያስገርመው እርሱም መድኃኒት ከበሽታው አገር ይገኛል በሚለው በስቶን አስተሳሰብ ተመርቶ ነበር። ፌሊክስ ሆፍማን በ1897 በባየር ኩባንያ ያዘጋጀው አሴቲልሳሊሲሊክ አሲድ የዚህ ሐረግ ፍሬ ነው።

ተቃራኒው ታሪክ ከአገራችን ጋር የተሳሰረ በመሆኑ ሰፋ አድርጌ አቀርበዋለሁ። በ1788 አንጎስቱራ የተባለ አዲስ መራራ ቅርፊት ለንደን ደረሰ። ስያሜው ዛሬ ሲዩዳድ ቦሊቫር በምትባለው የቬኔዙዌላ ከተማ የቀድሞ ስም ነው፤ በስፓኝኛ ጠባብ ቦታ ማለት ሲሆን ወንዙ እዚያ ላይ ስለሚጠብ የተሰጠ ነው። በነገራችን ላይ «አንጃይና» የሚለው የደረት ሕመም ስምም የተገኘው ከዚሁ የመጥበብና የማነቅ ሥር ነው። ቅርፊቱ ለትኩሳትና ለተቅማጥ ይታዘዝ ጀመር። ነገር ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዓመታት በጀርመን አገሮች አንጎስቱራ የወሰዱ ሰዎች ሰውነታቸው እየተገተረና እየተንዘፈዘፈ ይሞቱ ጀመር። በገበያው ላይ ሌላ ቅርፊት ተቀላቅሎ ነበር። መልኩ የሚመስል፣ ምሬቱም ከእውነተኛው የሚበልጥ እንጂ የማያንስ ነበረ። «ሐሰተኛው አንጎስቱራ» ተባለ፤ አንዳንድ መንግሥታትም እውነተኛውን ሳይቀር ከመሸጥ ከለከሉ።

ይህ ሐሰተኛ ቅርፊት ከየት መጣ? የዘመኑ ዕፀዋት አዋቂዎች ጣታቸውን ወደ ኢትዮጵያ ቀሰሩ። ከ1769 ጀምሮ በአገራችን የቆየው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ወደ ስናር ሲመለስ በራስ ፊል በተቅማጥ ክፉኛ ታሞ ነበር። ያገሬው ሰዎች የሰጡትን የአንድ ቁጥቋጦ ዱቄት ወስዶ ዳነና ዕፁን በ1790 በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ላይ «ዉጊኖስ» በሚል ስም አስፍሮታል፤ የእኛው ዋጊኖስ ነው። ዘሩም ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በቀለ፤ ለብሩስ መታሰቢያ እንዲሆን «ብሩሲያ» ተባለ፣ የዝርያ ስሙም የተቅማጥ ፀር የሚል ትርጉም ያለው «አንቲዳይሰንተሪካ» ሆነ። እጅግ መራራ ነው። መራራ በመሆኑና ብዙ ሰው ስለማያውቀው ሐሰተኛው አንጎስቱራ ከዋጊኖስ የተላጠ ቅርፊት ነው ተብሎ ታመነ።

እነዚሁ ፔልቲየና ካቫንቱ በ1819፣ ኪኒንን ከማውጣታቸው አንድ ዓመት ቀድመው፣ ከሐሰተኛው ቅርፊት ውስጥ መርዛም አልካሎይድ ለዩ፤ ከብሩሲያ ተገኘ በማለትም «ብሩሲን» ብለው ሰየሙት። ቆይቶ እንደተረጋገጠው ቅርፊቱ ከዋጊኖስ ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም። የእስያው የስትሪክኒን ዛፍ፣ ኑክስ ቮሚካ፣ ቅርፊት ነበር፤ ብሩሲንም የስትሪክኒን የቅርብ ዘመድ ነው። ስሙ ግን አልታረመም። ስለዚህ ዛሬም በየኬሚስትሪ መጽሐፉ ውስጥ በአንድ የኢትዮጵያ ዕፅ የተሰየመ፣ በዕፁ ውስጥ ግን የሌለ መርዝ አለ። ዋጊኖስ የራሱን መራራ ንጥረ ነገር እስከ 1973 ድረስ ሸሽጎ ቆየ፤ በዚያ ዓመት አሜሪካዊው ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ብሩሲያንቲን የተባለውን ውሁድ ከእርሱ ለይተው ገለጹ። በካንሰር ሕመምተኞች ላይም ተሞክሮ ነበር፤ የተጠበቀውን ውጤት ባለማሳየቱ ሙከራው ቆመ።

«ቢተርስ» የሚለው የብዙ ቁጥር ስም በእንግሊዝኛ ምግብ የሚያስወድድ መራራ ጭማቂ ማለት ሆኖ የተለመደው በዚሁ ዘመን ውስጥ ነው። በቦሊቫር ጦር ውስጥ ያገለግል የነበረው ጀርመናዊው ሐኪም ዮሐን ሲገርት በ1824 በዚያችው በአንጎስቱራ ከተማ ያዘጋጀው ጭማቂ ዛሬ የመጠጥ ቤት ዕቃ ሆኗል። ፋርማኮፒያዎች ጄንሺያንንና ብጤዎቹን «አማራ» በሚል የላቲን ስም፣ መራራዎች ለማለት፣ አንድ ክፍል አድርገው ይመድቧቸው ነበር፤ ቃሉ ከሕዝባችን መጠሪያ ጋር በድምፅ ብቻ ይገጣጠማል እንጂ አይዛመድም። ኢቫን ፓቭሎቭ በ1897 በታተሙት ትምህርቶቹ ላይ ፋርማኮሎጂስቶችን በዚህ ነገር ነቅፏል፦ መራራውን በቀጥታ ወደ ጨጓራ እየጨመሩ አይሠራም ይላሉ፣ ነገር ግን ሥራው የሚጀምረው ምላስ ላይ፣ የምግብ ፍላጎትን በመቀስቀስ ነው አለ። የአውሮፓ ፋርማኮፒያ አሁንም የምሬት መለኪያ አለው። መነሻው ኪኒን ሃይድሮክሎራይድ ሲሆን ዋጋው 200,000 ነው፤ አንድ ግራሙ በ200,000 ሚሊ ሊትር ውሃ ሟሙቶም ይመራል ማለት ነው።

እኛም ከዚህ እምነት ውጭ አልነበርንም። ኮሶን የጠጣ ሰው ምሬቱን እስከ ዕድሜ ልክ ያስታውሰዋል፤ እናት ጡት ለማስጣል ሬት ትቀባለች፤ ሕመምተኛውም መራራውን መድኃኒት ጠንካራ፣ ጣፋጩን ደካማ አድርጎ የሚገምትበት ጊዜ ብዙ ነው። ኮሶ ትሉን ያስወጣ ነበር፤ ያስወጣው ግን በመምረሩ አይደለም።

ምላስ ለምን እንደሚታለል የታወቀው በቅርቡ ነው። በ1931 በዱፖንት ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኬሚስት አርተር ፎክስ አንድ ዱቄት ሲያዘጋጅ ብናኙ በክፍሉ ውስጥ ተበተነ። ባልደረባው መረረኝ ሲል ፎክስ ግን ምንም አልቀመሰም። ፊኒልታዮካርባማይድ የተባለው ይህ ዱቄት ለአንዳንዱ ሰው መራራ፣ ለሌላው ጣዕም የለሽ መሆኑና ይህም በዘር የሚተላለፍ መሆኑ ታወቀ፤ ምክንያት የሆነው ጂን በ2003 ተለየ። የመራራ ጣዕም ተቀባዮች ከ2000 ጀምሮ ሲገለጹ በሰው ላይ ሃያ አምስት ያህል ሆነው ተገኙ። ለጣፋጭ ግን አንድ ጥንድ ይበቃል። መርዝ ብዙ ዓይነት በመሆኑ ተቀባዮቹም በርክተዋል። እያንዳንዳቸው በርካታ የማይዛመዱ ነገሮችን ስለሚይዙ ምላስ የሚሰጠን መልእክት ግን ያው አንድ «መራራ» ብቻ ነው። ኪኒንን ከብሩሲን፣ ሲንኮናን ከአኻያ የሚለይ ዝርዝር አይሰጠንም። የሐምቡርግ ባለ መድኃኒት ሐሰተኛውን አንጎስቱራ ቀምሶ ቢያልፈው ምላሱ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፤ ከምላሱ የማይጠየቅ ነገር ነው የጠየቀው።

እነዚህ ተቀባዮች በምላስ ብቻ የተወሰኑ አይደሉም። በ2009 በመተንፈሻ ቧንቧ ሽፋን ላይ ባሉት ባለ ጭራ ሕዋሳት፣ በ2010 ደግሞ በቧንቧው ጡንቻ ላይ መገኘታቸው ተገለጸ። መራራ ነገር ሲነካው ጡንቻው ይዝናናል። ለአስም ከዚህ የሚወጣ መድኃኒት ይኖር እንደሆነ ምርምሩ አላበቃም።

በሥራችን ላይ ጉዳዩ በሁለት መልኩ ይታያል። በ2000ዎቹ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከተያዙት ሐሰተኛ የአርቴሱኔት እንክብሎች በአንዳንዶቹ ውስጥ ክሎሮኪን ተገኝቷል፤ ምሬቱ ገዢውን እንዲያሳምን ታስቦ ሊሆን ይችላል። አንጎስቱራን ያጭበረበሩት ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው። በሌላ በኩል የሕፃናት የወባ መድኃኒት አፍ ላይ እየተተፋ መጠኑ ሳይሟላ መቅረቱ ብዙዎቻችን የምናውቀው ችግር ነው፤ አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን በውሃ የሚሟሟና ጣዕሙ የተስተካከለ ሆኖ በ2009 የቀረበው ለዚህ ነው። የተስተካከለው እንክብል ደግሞ ልጅ እንደ ከረሜላ እንዳይበላው ከፍ ያለ ቦታ መቀመጥ አለበት።

ዴናቶኒየም በ1958 በኤድንብራ የተገኘው የሊዶካይን ዘመዶች ሲመረመሩ ሲሆን ከታወቁት ነገሮች ሁሉ እጅግ መራራ ከሚባሉት አንዱ ነው። ቢትሬክስ በሚል የንግድ ስም ከማይጠጣ አልኮልና ከመኪና ራዲያተር ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላል። ሕፃናት ቀምሰው እንዲተፉት ተብሎ በአሜሪካ የኦሪገንና የካሊፎርኒያ ግዛቶች በሕግ ግዴታ አደረጉት። በኋላ በተደረገ ንጽጽር ግን በእነዚህ ግዛቶች ሕፃናት የሚመረዙበት ሁኔታ ከሌሎቹ ግዛቶች የተለየ ሆኖ አልተገኘም። ምሬቱ የሚሰማው የመጀመሪያው ጉንጭ አፍ ከገባ በኋላ ነው።